የእናቴ በርጩማና የሚታጠፈው በር

ባለፈው መጋቢት አንድ ቅዳሜ፣ እንግዳ ሊመጣብን ሲል ሰሃን ለማውጣት ተጣድፌ የወጥ ቤቱን የታችኛውን ካቢኔት በር ስበረግደው፣ ጥጉ የእናቴን ግንባር መታው። በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ደም አልወጣም። እሷም ምንም አላለችም። በማግስቱ ግን በርጩማዋን አንስታ ወደ ሳሎን ሄደች። «ምነው እማዬ?» ስላት «እዚህ ይነፍሳል» አለችኝ። ባሕር ዳር ውስጥ በመጋቢት ሳሎን እንደማይነፍስ እርስዎም እኔም እናውቃለን።

እናቴ ጉልበቷን አሟት ከዳንግላ ወደ እኛ ከመጣች ወዲህ ቆማ መሥራት አትችልም። በርጩማዋ ከወጥ ቤት ወጣ ማለት እሷም ከቤቱ ሥራ ወጣች ማለት ነው። ለእሷ ደግሞ ከሥራ መውጣት ማለት እንግዳ መሆን ነው። ስለዚህ በሩ መለወጥ ነበረበት።

ችግሩ ስፋቱ ነው። ካቢኔቱ 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ወጥ በር ነበረው። ከፊቱ እስከ ማዶው ግድግዳ ያለው መተላለፊያ ደግሞ 90 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ከሆኑ ይህ አይገርምዎትም። ግራና ቀኝ የሚከፈቱ ሁለት በሮች ላደርግ አስቤ ነበር፤ ግን እናቴ የምትቀመጠው በቀኝ በኩል ስለሆነ የቀኙ መዝጊያ ሲከፈት ፊቷ ላይ እንደ አጥር ይቆማል። የቀረው መፍትሔ በሩ መሐሉ ላይ ታጥፎ በሙሉ ወደ ግራ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ያኔ ወደ መተላለፊያው የሚወጣው 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል።

አናጺ የጠየቀኝ ዋጋ ከወር ደመወዜ ግማሽ በላይ ነበር። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ዋጋ ሲጋነን ይገባኛል፤ ይህ ግን አልተጋነነም፣ እንጨት ተወዷል። ያዳነችኝ ራሷ እናቴ ናት። ከዳንግላ ያመጣችው የዋንዛ አልጋ ተፈታቶ ግድግዳ ተደግፎ ነበር። «ያ አልጋ ምን ይሠራል?» አለችኝ። አሮጌ ዋንዛ ከአዲስ ባሕር ዛፍ እጅግ ይሻላል፤ ደርቆ ስላበቃ አይጣመምም፣ ለመጋዝም ለመላጊያም ገር ነው። የሰፈራችን አናጺ በኤሌክትሪክ መጋዝ 6 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አድርጎ ሰነጠቀልኝ። የቀረውን እኔ ሠራሁ።

መጀመሪያ ይለኩ። ስፋቱን ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ይለኩና ትንሹን ይያዙ። ከጥግ ወደ ጥግም በሁለቱም አቅጣጫ ይለኩ፤ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ካቢኔትዎ ጠማማ ነው። የእኔው ክፍት 80 በ70 ሴንቲ ሜትር ነው። ከግራና ከቀኝ ሦስት ሦስት ሚሊ ሜትር፣ ከመሐል ሁለት ሚሊ ሜትር ክፍተት ስተው ለእያንዳንዱ መዝጊያ 39.6 ሴንቲ ሜትር ደረሰው። ክፍተቱን አይናቁት። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ በስፋቱ ያብጣል፣ በርዝመቱ ግን እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ የለውም። በመጋቢት ልክክ ብሎ የገባ በር፣ ጣና ዳር ሐምሌ ሲገባ ላይከፈት ይችላል።

የክፈፉን ጥጎች ግማሽ በግማሽ ቆርጬ አደራርቤ በኮላ አጣበቅኋቸው። ለመሐሉ መጀመሪያ ያሰብኩት ደንገል ነበር፤ ቀላል ነው፣ ከሐይቁ ዳርም አይጠፋም። እናቴ ሳቀች። የደንገል ታንኳ እንኳ ውኃ ሲጠጣ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ አንቺ በየሳምንቱ በር ነቅለሽ ልታሰጪ ነው? አለችኝ። የወጥ እንፋሎትና ዘይት ሲታሰበኝ ተውኩት። ባለ 4 ሚሊ ሜትር ኮምፖርሳቶ አደረግሁ።

መስቀሉ ላይ ነው ነገሩ። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ጎብኝተው ከሆነ በመላእክት ሥዕል ያጌጡትን የመቅደሱን በሮች ያስታውሳሉ። በተለመደው ባለ ሁለት መዝጊያ በር እያንዳንዱ መዝጊያ በራሱ በኩል ይንጠለጠላል፣ ክብደቱን ይካፈላሉ። በሚታጠፍ በር ግን ሁለተኛው መዝጊያ የተሸከመው በመጀመሪያው ላይ ነው፤ ክብደቱ ሁሉ በግራ ማጠፊያዎች ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በግራ ሦስት፣ በመሐል ሁለት ማጠፊያ ያድርጉ። የካቢኔቱ ጎን ቺፕውድ ከሆነ ብሎኑን በቀጥታ አይሰሩበት፤ በጥቂት ወር ውስጥ ተፈልፍሎ ይወጣል። ከውስጥ በኩል ሞራሌ በኮላና በብሎን ያጣብቁ፣ ማጠፊያውን የሚይዘው እሱ ይሁን።

እኔ ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ። መጀመሪያ፣ ለዓይን እንዲያምር ብዬ የመሐሉን ማጠፊያ ፒን ያለበትን ጉብታ ወደ ውስጥ አዞርኩት። ማጠፊያ የሚታጠፈው ጉብታው ወዳለበት ወገን ነው፤ በሬ ወደ ውጭ አልታጠፍ አለ። አምስቱም ወደ ውጭ መሆን አለባቸው። የድሮዎቹን የብሎን ቀዳዳዎች በክብሪት እንጨትና በኮላ ሞልቼ፣ ሲደርቅ እንደገና በሳሁ።

ሁለተኛው የእጀታው ጉዳይ ነው። ከገበያ የገዛሁትን የሚያምር የብረት እጀታ በቀኝ ጫፍ ገጠምኩት። በሩ ሲታጠፍ ፊትና ፊት ስለሚገጥም እጀታው ሌላውን መዝጊያ ወጋው፤ ዋንዛው ላይ ያኖረው ጭረት ዛሬም አለ። ነቀልኩት። ለመዝጊያው አንድ ማግኔት በመታጠፊያው በላይ፣ አንድ ደግሞ በቀኝ ጫፍ ያስፈልጋል፤ የመሐሉ ከሌለ በሩ ሆዱን እየነፋ ይወጣል።

እጀታ ሳይኖረው ሦስት ቀን በቢላ ጫፍ እየፈለቀቅን ከፈትነው። በአራተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ እናቴ ወጥ ቤት ነበረች። ከአልጋዋ ላይ የተረፈ ጠፍር ቆርጣ፣ በእጀታው ቀዳዳ አሳልፋ፣ ከኋላ ቋጥራ ጨርሳለች። በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ በአንድ እጇ ጠፍሩን ሳበች፣ በሩ ታጠፈ፣ የሽሮውን ቆርቆሮ አወጣች። «ቋጠሮውን አታላሊው» አለችኝ፤ ምስሯን መልቀም ቀጠለች።