የፔሌፎኑ ቁልፍ በማን እጅ ነው?



ባለፈው ዓመት እዚሁ ቤኤር ያዕቆብ ውስጥ በአንድ አሴፋት ሆሪም ላይ ተገኝቼ ነበር። አጠገቤ አንዲት እናት ከአሥራ አንድ ዓመት ልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። መምህርቷ በዕብራይስጥ፣ «ልጁ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። ሌሊቱን በፔሌፎን እንደሚያሳልፍ ራሱ ነግሮኛል። እባክዎን ማታ ማታ ይውሰዱበት» አለች። እናትየዋ ወደ ልጃቸው ዞር ብለው «ምን አለች?» ሲሉት፣ «ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ይደክመዋል እንጂ አለች» ብሎ ተረጎመላቸው። እሳቸውም ደስ ብሏቸው «ቶዳ፣ ቶዳ» እያሉ የመምህርቷን እጅ ጨብጠው ወጡ።

ሁለቱንም ቋንቋ ስለምሰማ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ውጭ ጠብቄ የተባለውን እንዳለ ነገርኳቸው። እንባቸው መጣ። ያስለቀሳቸው ፔሌፎኑ አልነበረም። «እስከ ዛሬ በልጄ አፍ ስሰማ ስንት ነገር አምልጦኝ ይሆን?» ነበር ያሉት።

በዚህ ጽሑፍ ላነሳ የፈለግሁት ጉዳይ ይኸው ነው። ልጆች በፔሌፎንና በታብሌት ፊት ስለሚያሳልፉት ጊዜ በየቦታው ብዙ ይነገራል። ጥያቄው ሁልጊዜ «በቀን ስንት ሰዓት ይፈቀድ?» የሚል ነው። በእኛ ቤት ግን ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ። ሰዓቱን የሚወስነው ማን ነው?

ወላጆቻችን «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ሲሉ ይቀልዱ ነበር። እስራኤል ከገባን ወዲህ ግን ነገሩ ከቀልድ አልፏል። ከቢቱዋህ ሌዑሚ የመጣውን ደብዳቤ የሚያነበው ልጅ ነው። የኩፓት ሆሊሙን ተራ የሚይዘው፣ የባንኩን መልእክት የሚከፍተው ልጅ ነው። የእናቱን ፔሌፎን ገዝተው ሲመጡ ያዘጋጀው፣ ሲስማውንም ያወጣው እሱ ነው። እንግዲህ የቤቱን ቁልፍ ሁሉ ለልጅ አስረክበን ስናበቃ፣ ማታ «ስልኩን አስቀምጥ» ብንል ቃላችን ከየት ኃይል ያገኛል?

ይህን ስል ማሳክ የሚባል ነገር ሁሉ ጠላታችን ነው ማለቴ አይደለም። እኔ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ስገባ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሆነን ከአዲስ አበባ መጣን። በመርካዝ ቅሊታው የመጀመሪያዎቹን የዕብራይስጥ ቃላት የያዝኩት ከቴሌቪዥን ነው። በ2015 በሆሎን አንድ ወታደር ወገናችን በፖሊስ ሲደበደብ በካሜራ የተቀረጸው ፊልም ከፔሌፎን ወደ ፔሌፎን ባይዞር ኖሮ፣ ስንቱ ያምነን ነበር? በማርች 2020 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉም፣ ኮምፒዩተር በሌለበት ቤት ያለ ልጅ ከትምህርቱ ቀርቶ እንደነበር አንዘነጋም። መሣሪያው ያስፈልገናል።

ነገር ግን የያኔው ቴሌቪዥን አንድ ነበር፣ ለሁላችን። አያቴ ከኋላችን ተቀምጠው «ምን አለ?» ሲሉ እንነግራቸው ነበር። ፕሮግራሙም አልቆ ይዘጋል። የዛሬው ለእያንዳንዱ ለየብቻው ነው፤ ማለቂያም የለውም። አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው በራሱ ይቀጥላል። ኩባንያዎቹ የሚያተርፉት ከማስታወቂያ ስለሆነ የልጁ ዓይን በቆየ መጠን ገንዘቡ ይጨምርላቸዋል። የአሥር ዓመት ልጅ ይህንን ብቻውን ይቋቋማል ብሎ መጠበቅ ዘበት ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የአያቶች ነገር ነው። የጎንደርን መንደር፣ የሱዳንን መንገድ የሚያውቁ ሰው ሶፋው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ነው፤ ጆሮው ግን ተደፍኗል። አማርኛውና ትግርኛው የሚጠፋው በዚያች ሰዓት ነው። ቋንቋው ሲጠፋ ደግሞ ወላጅ ልጁን የሚመክርበት አፍ ያጣል።

ታዲያ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ቁልፉ ወደ ወላጅ ይመለስ። ሲስማውን ልጁ ሳይሆን የምታምኑት ትልቅ ሰው አጠገባችሁ ሆኖ እናንተው አውጡ። በአንድሮይድ ፋሚሊ ሊንክ፣ በአይፎን ስክሪን ታይም የሚባሉ የወላጅ መቆጣጠሪያዎች አሉ፤ ክፍያ የላቸውም። ቲክቶክና ኢንስታግራም ራሳቸው ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይገባ በደንባቸው ጽፈዋል።

ሁለተኛ፣ ማታ ፔሌፎን መኝታ ቤት አይግባ፤ ሳሎን ይቀመጥ፣ እዚያው ቻርጅ ይደረግ። የእኛም ጭምር! በ2020 መጨረሻ በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ስንቶቻችን ነን የአገር ቤት ወሬ ስናይ እኩለ ሌሊት የሚያልፍብን? እኛ ሳንተው ልጁን ተው ብንለው አይሰማም።

ሦስተኛ፣ ሕፃን ሲያለቅስ ስልክ አንስጥ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ከ2 ዓመት በታች ያሉ ጭራሽ እንዳያዩ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉት በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጡ መክሯል።

አራተኛ፣ ሰንበታችንን እናስታውስ። በኢትዮጵያ ሳለን ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ በየቤቱ እሳት ይጠፋ ነበር። ራት ቀዝቃዛ ነው፣ ዳቦው ግን አለ፣ ሰውም ተሰብስቧል። ዛሬም ሰንበትን የሚጠብቅ ቤት ይህን በረከት ይዟል። የላላበትም ቤት ቢሆን ቢያንስ የዓርብ ማታን ራት ያለ ፔሌፎን ይብላ፤ አያትም በቋንቋቸው ይናገሩ።

ይሁን እንጂ ሸክሙን ሁሉ በወላጅ ጫንቃ ላይ መጣል አግባብ አይደለም። የትምህርት ሚኒስቴር ከፌብሩዋሪ 2026 ጀምሮ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በፔሌፎን እንዳይጠቀሙ መወሰኑን አስታውቋል። መልካም ነው። ከትምህርት በኋላ ግን እናት በሥራ ላይ፣ አባት በሌሊት ፈረቃ ሲሆኑ ልጁ ከማን ጋር ይውላል? ቤኤር ያዕቆብ በ2021 ከተማ ተብላለች። ከተማ ከተባልን ከሰዓት በኋላ ልጆቻችን የሚውሉበት ቦታ እንጠይቃለን። ስለ ፔሌፎን የሚሰጠው የወላጆች ምክር በአማርኛና በትግርኛ፣ በወረቀት ብቻ ሳይሆን በቃልም እንዲሰጥ እንጠይቃለን፤ ማንበብ የማይችሉ ወላጆች አሉንና። ከሁሉም በላይ፣ ልጅ በራሱ ጉዳይ አስተርጓሚ ሆኖ እንዳይቀመጥ እንጠይቃለን። ይህ ለወላጁም ለልጁም ግፍ ነው። ልጁ የዋሸው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን፣ ማንም ልጅ ሊሸከመው የማይገባ ሥራ ስለተሰጠው ነው።

በኢንተርኔት ልጁ የተዋረደበት ወይም የተደፈረበት ወላጅ ደግሞ በ2018 ወደተቋቋመው የ105 ስልክ ይደውል፤ አማርኛ የሚናገር ሰው እንዲያነጋግረው ይጠይቅ።

ያቺ እናት አሁን ማታ ማታ የልጃቸውን ፔሌፎን ተቀብለው ከራሳቸው ጋር ጀበናው አጠገብ ያስቀምጡታል። ልጁ መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፤ አንዳንድ ቀን አሁንም ያኮርፋል። ክፍል ውስጥ ግን አይተኛም።

ወገኖቼ፣ ለሚቀጥለው አሴፋት ሆሪም ስትጠሩ አስቀድማችሁ ትምህርት ቤቱን አስተርጓሚ ጠይቁ። ከሌለም ከመካከላችን ዕብራይስጥ የሚያውቅ ትልቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ስለ ልጃችሁ የሚባለውን በራሳችሁ ጆሮ ስሙ።