«ያለ ዕቅድ» የሚባል ጉዞ የለም

እኛ ጃንጥላ በምንዘረጋበት በሐምሌና በነሐሴ አውሮፓ በጋዋ ነው። ያን ጊዜ በየዓመቱ የማይቀር አንድ ስብከት ይመጣል። «ሞተርሆም ተከራዩ» ይላል ስብከቱ። «ፖርቱጋል ግቡ፤ ከሊዝበን ወደ ደቡብ ንዱ፤ ፀሐይ የጠለቀችበት ቦታ አቁሙና እደሩ። ሆቴል የለ፣ ሰዓት የለ፣ ዕቅድ የለ። ነጻነት ማለት ይኼ ነው!» ድሮ ይህን የሚሰብኩት ፈረንጆች ብቻ ነበሩ። አሁን አሁን በጀርመን፣ በስዊድንና በኔዘርላንድስ የሚኖሩ የእኛው ልጆችም ማኅበሩን ተቀላቅለዋል። ገደል ጫፍ ላይ የቆመ ነጭ መኪና፣ ከፊቱ ጀበና፣ ከኋላው አትላንቲክ ውቅያኖስ። እውነት ለመናገር ያስቀናል።

ጠባችን ከመኪናውም ከጀበናውም አይደለም። ጠባችን «ያለ ዕቅድ» ከምትለው ቃል ጋር ነው። ያለ ዕቅድ የሚባል ጉዞ የለም ብለን እንከራከራለን። ያለው ሌላ ሰው ያቀደላችሁና ሌላ ሰው የከፈለላችሁ ጉዞ ነው። ጋዜጠኝነት ስንማር ከሁሉ በፊት የለመድነው ጥያቄ «ሂሳቡን ማን ከፈለ?» የሚል ነበር። እስቲ እዚህም እንጠይቀው።

ቤት ይዞ የሚሄድ ሰው

ሞተርሆም አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ ሻወርና ሽንት ቤት ያለው መኪና ነው። ሰባኪዎቹ ስለ አልጋው ይነግሩናል። ስለ ሽንት ቤቱ ግን ዝም! እንግዲህ ነውር ካልሆነ እኛ እንናገረው። በአብዛኞቹ ሞተርሆሞች ከመቀመጫው ሥር ያለው ተነቃይ ሳጥን 20 ሊትር እንኳ አይዝም። ሁለት ሰዎች በሁለትና በሦስት ቀን ይሞሉታል። የሻወሩና የዕቃ ማጠቢያው እጣቢ ደግሞ በሌላ ታንከር ይጠራቀማል፤ እሱም ብዙውን ጊዜ 100 ሊትር ገደማ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ሽታ የሚያጠፋ ኬሚካል ስለሚጨመር ቁጥቋጦ ሥር ደፍቶ መሄድ አይቻልም። ማለትም፣ መቻሉንስ ይቻላል። የሚደፉ ስላሉም ነው ይህን የምንጽፈው።

ክብደትም አለ። በአውሮፓ ተራው የመኪና መንጃ ፈቃድ ለረጅም ዘመን ሲፈቅድ የኖረው እስከ 3,500 ኪሎ ግራም ድረስ ነው፤ አብዛኞቹ የኪራይ ሞተርሆሞችም የተሠሩት ለዚሁ ልክ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ መሆኑን ደግሞ ተማሪ ቤት የተማርነው ነው። መቶ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ሁለት የጋዝ ሲሊንደር፣ ብስክሌቶች፣ አራት ሰው ከነሻንጣው ሲጫን ልኩ ሳይታወቅ ያልፋል። ከልኩ ያለፈ መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እንደታሰበው አይዝም። ይህን በወረቀት ላይ ደምሮ ማየት ዕቅድ ይባላል። ሳይደምሩ መንዳት ግን ነጻነት አይደለም፤ ከፊት ለፊት በሚመጣው ሰው ሕይወት መቆመር ነው።

ሕጉ እንዴት መጣ?

ፖርቱጋል ለብዙ ዓመት ለእነዚህ እንግዶች ዓይኗን ጨፍና ኖራለች። ከሊዝበን በስተደቡብ ያለው የአሌንቴዡና የአልጋርቭ ምዕራባዊ ጠረፍ በገደል፣ በአሸዋ ክምርና በትንንሽ የዓሣ አጥማጅ መንደሮች የተሞላ ነው። ከ1995 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ ከ100 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው የዚህ ጠረፍ ክፍል የተፈጥሮ ፓርክ ነው። ነጭ ሽመላ ባሕር ዳር ባለ ገደል ላይ ጎጆ ሠርታ የምትፈለፍለው እዚህ ነው። መንገደኛው ቀን እየዋኘ ማታ ገደሉ ላይ ሲያድር ማንም ብዙ አይናገረውም ነበር።

በጃንዋሪ 2021 ሥራ ላይ የዋለው የትራፊክ ሕግ ማሻሻያ ግን ነገሩን ቆረጠው። ከተፈቀደ ቦታ ውጭ በሞተርሆም ማደር ተከለከለ። ማደር ማለት ምን ማለት እንደሆነም ሕጉ በሰዓት ተናገረ፤ ሰው ያለበት መኪና ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ከቆመ ማደር ነው። ጩኸት ተነሣ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ሕጉ ላላ ተደረገ። አሁን ካልተከለከለ ቦታ ላይ በአንድ የማዘጋጃ ቤት ክልል ውስጥ እስከ 48 ሰዓት ማደር ይቻላል። በተጠበቁ አካባቢዎችና የጠረፍ ዕቅድ በሚሸፍናቸው ቦታዎች ግን ክልከላው ጸና። ቅጣቱ በተራው ቦታ ከ60 እስከ 300 ዩሮ፣ በተጠበቀው ቦታ ከ120 እስከ 600 ዩሮ ነው። ልብ በሉ፣ ያ የሚያስቀናው ገደል ጫፍ በሁለተኛው ተራ ውስጥ ነው።

አበው «እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው» ይላሉ። 48 ሰዓት ያሉት የፖርቱጋል ሕግ አውጪዎች ይህን ተረት የሰሙ ይመስላል።

«አንድ ሌሊት ባድር ምን ይጎዳል?»

ይህ የመጀመሪያው መከራከሪያ ነው። አንድ መኪና አንድ ሌሊት ቢያድር በእርግጥ ብዙ አይጎዳም። ችግሩ ይህንኑ የሚለው ሰው ብዛት ነው። የክረምት ነዋሪው ጥቂት የሆነ መንደር የውሃ መስመሩን፣ የቆሻሻ ገንዳውንና የጽዳት ሠራተኛውን ቁጥር ያቀደው ለነዋሪው ነው። ቦታ ያልያዘው፣ ያልከፈለው፣ ቁጥሩ የትም ያልተመዘገበው መንገደኛ በዚያ ላይ ይደረባል። ጠዋት የገንዳውን ሙልቅታ የምትጠርገው ሴት ደመወዟ አልተጨመረም። በጎማ የተረገጠው የአሸዋ ክምር ሣር ደግሞ ነፋስ አሸዋውን እንዳይጠርገው አስሮ የያዘ ሣር ነው፤ አንዴ ከተነቀለ በቶሎ አይመለስም። «ሂሳቡን ማን ከፈለ?» ላልነው አንዱ መልስ ይኸውላችሁ።

«ፕላስቲኩስ?»

ሁለተኛው መከራከሪያ ጠንካራ ነው፤ ልናልፈው አንፈልግም። በዚሁ ፓርክ ውስጥ፣ በኦደሚራ ወረዳ፣ በፕላስቲክ ተሸፍነው ራስበሪና ሌላ ፍራፍሬ የሚመረትባቸው ሰፋፊ እርሻዎች አሉ። ምርቱ ወደ ሰሜን አውሮፓ ይሄዳል። የሚለቅሙት ብዙዎቹ ከኔፓልና ከሕንድ የመጡ ሠራተኞች ናቸው። በ2019 መንግሥት እነዚህን ሠራተኞች እዚያው እርሻው ውስጥ በጊዜያዊ ተነቃይ ማደሪያ ማኖርን ፈቀደ። በ2021 በኮቪድ ጊዜ ሁለት ቀበሌዎች ሲዘጉ ሠራተኞቹ ምን ያህል ተፋፍገው እንደሚኖሩ አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን አየ። «ታዲያ ፕላስቲኩ ሲፈቀድ የእኔ መኪና ለምን ይከለከላል?» ይላል ባለ ሞተርሆሙ።

እውነቱን ነው፤ ፍርዱ ሚዛናዊ አይደለም። ነገር ግን ከዚህ ሐቅ የሚወጣው መደምደሚያ «እኔም ልጨምርበት» ሊሆን አይችልም። የለቃሚው ሰው መጨናነቅ ቢያስቆጣችሁ ቁጣችሁን ይዛችሁ ለፍራፍሬው ገበያ፣ ለአሠሪው፣ ለመንግሥት ተናገሩ። የድኻን መከራ ለነጻ ፓርኪንግ መከራከሪያ ማድረግ ግን አሳፋሪ ነው። በዚያ ወረዳ በጠባብ ቦታ ተጣቦ የሚያድር ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ ለደስታው፣ ሌላው አማራጭ አጥቶ። ሁለቱ አንድ ጉዳይ የላቸውም።

እሳቱ ቀጠሮ አይሰጥም

እስካሁን ያነሣነው ገንዘብና ይሉኝታ ነው። ከዚህ የከበደም አለ። ጁን 17 ቀን 2017 በመካከለኛው ፖርቱጋል በፔድሮጋኦ ግራንደ የተነሣው የደን ቃጠሎ 66 ሰዎችን ገደለ። ብዙዎቹ የሞቱት በመኪና ሊያመልጡ ሲሞክሩ መንገድ ላይ ነው። በኦገስት 2023 ደግሞ በዚያው በምናወራው በኦደሚራ የተነሣ እሳት ከ8,000 ሄክታር በላይ አቃጥሎ ከ1,000 በላይ ሰዎችን ከማደሪያቸው አስነሣ።

አሁን አስቡት። በካርታ ላይ ስሙ የሌለ የጥድና የባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ፣ አንድ መግቢያ ብቻ ባለው የአፈር መንገድ ጫፍ፣ ሁለት የጋዝ ሲሊንደር የተሸከመ ሦስት ቶን መኪና ቆሟል። ባለቤቶቹ ተኝተዋል። እዚያ መሆናቸውን የሚያውቅ የለም። በተመዘገበ ማቆሚያ ያደረ ሰው ሌሊት በሩን የሚያንኳኳለት አለው። «ያለ ዕቅድ» ያደረውን ሰው ግን ማን ይፈልገው? ቢፈለግስ፣ እሳት አጥፊው ሊደርስለት የራሱን ነፍስ አስይዞ ነው ያን ጠባብ መንገድ የሚገባው።

ፓስፖርቱም ዕቅድ ነው

ወደ ራሳችን እንምጣ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ይህን ጉዞ የሚያስብ ሰው «ያለ ዕቅድ» የምትለዋን ቃል ሲሰማ ይስቃል። የሸንገን ቪዛ የሚጠይቅ ሰው የት እንደሚያድር ማስረጃ ያቀርባል፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ዋስትና ይገዛል፤ ከጁን 2024 ወዲህ 90 ዩሮ የሆነውን ክፍያ ይከፍላል፤ ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። በኤፕሪል 2024 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት «ዜጎቻችሁን ለመመለስ በበቂ አልተባበራችሁም» በሚል ምክንያት በኢትዮጵያ አመልካቾች ላይ ደንቡን አጠበቀ። መደበኛው የመጠበቂያ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም ቀረ። ፀሐይ የጠለቀችበት አድራለሁ ብላችሁ ቅጽ ሙሉ እስቲ!

በአንጻሩ የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ወዳጃችን በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ተጨማሪ ቪዛ ፖርቱጋል ይንሸራሸራል። ደስ ይበለው፤ አንመቀኝም። ነገር ግን ያን ነጻነት የሰጠው መኪናው አይደለም። መንግሥታት ተደራድረው፣ ፈርመው፣ ድንበር አንሥተው ያቀዱለት ነው። ዕቅዱ ስለማይታየው የሌለ መሰለው እንጂ።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

የሞተርሆም ጉዞ ይቅር አላልንም። ይታቀድ ነው ያልነው። ከቻላችሁ ሐምሌና ነሐሴን ተዉት፤ ሜይና ሴፕቴምበር መንገዱም መንደሩም ይተነፍሳል። በበጋ በምዕራቡ ጠረፍ ፖርቱጋሎች «ኖርታዳ» የሚሉት ብርቱ የሰሜን ነፋስ አለ፤ ከፍ ያለ መኪና ይዞ ገደል ጫፍ ማደር ለውበትም አይሆንም። ማዘጋጃ ቤቶችና ግለሰቦች ያዘጋጇቸውን ማቆሚያዎች አስቀድማችሁ በካርታ ላይ ምልክት አድርጉ። ውሃ የሚቀዳበት፣ እጣቢ የሚደፋበት፣ ሳጥኑ የሚታጠብበት ቦታ አላቸው። ቀኑን ባሕሩ ዳር ዋሉ፤ ማታ ወደ ውስጥ ወደ መንደሩ ግቡ፤ ዳቦውንና ዓሣውን ከዚያው ግዙ። የጋዝ ሲሊንደር ማያያዣ ከአገር አገር ስለሚለያይ የሚበቃችሁን ይዛችሁ ግቡ። በደረቅ ወራት ከቤት ውጭ እሳት አታንድዱ፤ የጀበናው ከሰልም እሳት ነው። የየቀኑን የእሳት ማስጠንቀቂያ እዩ፤ 112ን በስልካችሁ ያዙ። በአልጋርቭ ከምሥራቅ ምዕራብ የሚዘረጋው ኤ22 አውራ ጎዳና ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ክፍያው ተነሥቶለታል። የዳነውን ዩሮ ለመንደሩ ማቆሚያ ክፈሉበት፤ አያጎድላችሁም።

ይህን ሁሉ አድርጎ የሚሄድ ሰው ነጻነቱ አይቀንስበትም። የሚቀንሰው በሌላው ላይ የሚጥለው ሸክም ነው። ስለዚህ ቁልፉን ከአከራዩ ከመቀበላችሁ በፊት ስለ ፀሐይ መጥለቂያ ሳይሆን ስለ ሌላ ነገር ተጠያየቁ፦ ሳጥኑን የት ነው የምንደፋው? መልስ ካላችሁ መልካም መንገድ። መልስ ከሌላችሁ ሆቴል ያዙ።