የዳያሎግ ቦክስ አዝራር መቼ ይዝጋ?

የሞባይል መተግበሪያ የሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች ስለ መረጃ ቋትና ስለ ሰርቨር ብዙ ገጽ ይጽፋሉ፤ ዳያሎግ ቦክስ ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ ምስል ይታለፋል። ተጠቃሚው ገንዘብ የሚልከው፣ መዝገብ የሚያጠፋው ወይም ትዕዛዝ የሚያጸድቀው ግን በዚያች ትንሽ መስኮት ግርጌ ባለ አዝራር ነው። አዝራሩ ሲነካ ምን እንደሚሆን መወሰን ያለበት አልሚው ነው እንጂ የመሣሪያው ነባሪ ጠባይ መሆን የለበትም።

በአንድሮይድ አለርትዳያሎግ የተባለው ክፍል እስከ 3 አዝራር ይይዛል። ከሦስቱ አንዱ ሲነካ መስኮቱ በራሱ ይዘጋል። መልእክት ብቻ ለሚያሳይ ሳጥን ይህ በቂ ነው። የተቀባይ ስልክ ቁጥርና የገንዘብ መጠን ለሚሞላበት ሳጥን ግን ጉዳት አለው። ከ10 አኃዝ አንዱን ያጎደለ ሰው «ላክ» የሚለውን ሲነካ ፕሮግራሙ ስሕተቱን ቢያገኘውም መስኮቱ ይዘጋል፤ የተጻፈውም አብሮ ይጠፋል። ላኪው መላኩን ወይም አለመላኩን ሳያውቅ ይቀራል።

መውጫው ከባድ አይደለም። ሳጥኑ ከታየ በኋላ ጌትበተን በተባለው ትእዛዝ አዝራሩን አግኝቶ የመነካት አድማጩን በራስ አድማጭ መተካት ነው፤ ያን ጊዜ መስኮቱ የሚዘጋው አልሚው ዲስሚስ ሲል ብቻ ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው፤ ሳጥኑ ሳይታይ አዝራሩ ቢፈለግ የሚመለሰው ነል ስለሆነ መተግበሪያው ሊወድቅ ይችላል። በዳያሎግፍራግመንት ለሚሠራ ሰው ተገቢው ቦታ ኦንስታርት ነው፤ ስልኩ ሲዞር ሳጥኑ እንደገና ስለሚፈጠር ቀድሞ የተተካው አድማጭ አይተርፍም።

ብዙዎች የሚመርጡት ሌላው መንገድ ግብዓቱ እስኪስተካከል አዝራሩን ማደብዘዝ ነው። የደበዘዘ አዝራር ግን ዝም ይላል፤ ምን እንደጎደለ አይናገርም። አዝራሩ እንደነቃ ቆይቶ ሲነካ ከተሳሳተው ሳጥን ሥር ምክንያቱን ማሳየት ይሻላል። በአይኦኤስ ዩአይአለርትኮንትሮለር ግን ምርጫው ጠባብ ነው፤ አዝራሩ ሲነካ መስኮቱ መዘጋቱ ስለማይቀር ማደብዘዙ የግድ ይሆናል። ፍላተር ተቃራኒውን መንገድ ይዟል፤ ናቪጌተር ፖፕ እስካልተጠራ ድረስ የአዝራሩ መነካት ምንም አይዘጋም። የኋለኛው ንድፍ ይበልጥ ትክክል ነው።

ማደብዘዝ በእርግጥ የሚያስፈልገው «ላክ» ከተነካ በኋላ ነው። ኔትወርክ ሲዘገይ ተጠቃሚ ደግሞ መንካቱ አይቀርም፤ ሁለተኛው ንክኪ ሁለተኛ ክፍያ እንዳይሆን አዝራሩ ወዲያው መደብዘዝ አለበት። ይህም ብቻውን አይበቃም፤ ሰርቨሩ በአንድ የግብይት መለያ የመጣን ጥያቄ ሁለት ጊዜ መፈጸም የለበትም።

በአማርኛ ለሚሠሩ መተግበሪያዎች ደግሞ ከኮዱ ውጭ የሆነ ችግር አለ። «ሰርዝ» የሚለው ቃል ጥያቄውን መተውንም፣ ነገሩን ማጥፋትንም ሊገልጽ ይችላል። «ትዕዛዙ ይሰረዝ?» ከሚል ጥያቄ ሥር «ሰርዝ» እና «እሺ» ተብሎ ሲጻፍ፣ ትዕዛዙን ማስቀረት የፈለገ ሰው «ሰርዝ» የሚለውን ይነካል፤ አልሚው ግን ቃሉን የጻፈው ጥያቄውን ለመተው አስቦ ነውና መስኮቱ ይዘጋል፣ ትዕዛዙም ባለበት ይቀጥላል። ኮዱ እንከን የለበትም፤ ሙከራውም ያልፋል። «ትዕዛዙን አስቀር» እና «ተመለስ» ቢባል ኖሮ ዕቃው ወደማይፈልገው ሰው ባልተላከ ነበር።