የሰሜን ተራሮች መንገድ፦ ለጎብኚው መግቢያ፣ ለጃናሞራ ሰው መውጫ

ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገባ ጎብኚ መንገዱን የሚያስታውሰው በውበቱ ነው። ትኬት ቆርጦ፣ ስካውት ይዞ ቡይት ራስን ሲያልፍ ጭላዳዎች በመንጋ ሆነው ሣር ሲነጩ ያያል። ከሳንቃበር ወደ ጨነቅ ሲጓዝ ገደሉ በግራው ይከፈታል። ከዚያም ጅባራ የበቀለበትን ዳገት ወጥቶ 4,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው የቧሂት መተላለፊያ ይደርሳል። ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል።

መንገዱ ግን አይመለስም። ቧሂትን ተሻግሮ ወደ ጃናሞራ፣ ወደ መካነ ብርሃን ይወርዳል። ለዚያ አገር ሰው መንገዱ እህል ገበያ የሚወጣበት፣ ምጥ የያዛት ሴት ሐኪም ቤት የምትደርስበት ነው። መኪና ሳይገባ በፊት ይህ ሁሉ በእግርና በበቅሎ ነበር። በቃሬዛ ታማሚ ተሸክሞ ቧሂትን መሻገር ምን እንደሆነ የሚያውቀው የተሸከመው ነው።

በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ደግሞ መንገዱ ሌላ ስም አለው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1978 ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 ግን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ። ከተጠቀሱት ምክንያቶች መካከል የዋልያ መመናመን፣ የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት፣ እንዲሁም የመንገድ ሥራ ይገኙበታል። ከዝርዝሩ የወጣው በ2017 ነው። በመካከሉ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ ሰፈሩ። ተላላፊው መኪና ከፓርኩ ውጭ በተለዋጭ መንገድ እንዲሄድ የሚለው ጥያቄም ለዓመታት ሲነሣ ቆየ።

ጥያቄው ትክክል ነው። ዋልያ በዱር የሚኖረው እዚህ ብቻ ነው፤ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። ጭነት የያዘ አይሱዙ ቀን ከሌት የሚያልፍበት ቦታ ለዱር እንስሳ መኖሪያ አይመችም።

ችግሩ ያለው ጥያቄው በሚፈጸምበት መንገድ ላይ ነው። ተለዋጭ መንገድ ማለት ካርታ ላይ የተሰመረ መስመር ወይም ሪባን የተቆረጠበት ኮረኮንች ማለት አይደለም። ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ፣ ጥገና የማይለየው፣ ከአሮጌው መንገድ ይልቅ ሾፌሩ ራሱ የሚመርጠው መሆን አለበት። ዝናብ ሲጥል የሚዘጋ ከሆነ መኪናው ሁሉ ወደ ጨነቅ ይመለሳል፤ በር ላይ የሚቆም ጥበቃም አያስቀረውም።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። መጀመሪያ ለጃናሞራ የማያሳፍር መንገድ፣ ከዚያ በኋላ የፓርኩን መንገድ ለጎብኚ፣ ለጥበቃና ለድንገተኛ አደጋ ብቻ መተው። የዋልያን ዕዳ እስካሁን የከፈለው አጠገቡ የሚኖረው ድሃ ገበሬ ነው። ቀሪውን መክፈል ያለበት በዋልያ ስም የምትጠራዋ አገር ናት።