ሜዳው የማን ነው?

በተማሪ ቤት ሳለሁ ጓደኞቼ ኳስ በተጫወቱ ቁጥር የእኔ ሥራ ልብስ መጠበቅ ነበር። ሁለቱ አለቆች ጎበዝ ጎበዙን ተራ በተራ ጠርተው ሲጨርሱ፥ እኔና መሰሎቼ ከኮቱና ከደብተሩ ጋር ዳር እንቀራለን። ክፉ ቃል የተናገረን ሰው የለም፤ ነገር ግን ለሜዳ እንደማንሆን ማንም ሳይነግረን አውቀነው አደግን። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ውስጥ ያንኑ ሥራ የሠራ ብዙ ሰው እንዳለ እገምታለሁ።

ለትምህርት በመጣሁበት በእንግሊዝ አገር፥ ባለፈው መስከረም አንድ የአማተር ራግቢ ክለብ ገባሁ። ማስታወቂያው «ተጫውቶ የማያውቅም ይምጣ፤ ማንነቱን የሚጠይቀው የለም» ይል ነበር። ጓደኞቼ ሳቁብኝ፤ እኔም ሳላምንበት ሄድሁ። ዛሬ ግን ስለዚህ ነገር ለማኅበራችን አባሎች አንድ ሐሳብ ለማቅረብ እወዳለሁ።

በመጀመሪያ እንደዚህ ያሉት ክለቦች ከየት እንደመጡ ልናገር። ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በ1995 በለንደን ከተማ ኪንግስ ክሮስ ስቲለርስ የሚባል ክለብ ተቋቋመ። ያቋቋሙት ወንድ ሆነው ወንድ የሚወዱ፥ በዚህም ምክንያት በሌላው ክለብ ውስጥ ራሳቸውን ሳይደብቁ መጫወት የማይቻላቸው የመሰላቸው ሰዎች ናቸው። በዓለም ላይ የዚህ ዐይነት የመጀመሪያው የራግቢ ክለብ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ተመሳሳይ ክለቦች ተነሥተዋል። በየሁለት ዓመቱ የሚጋጠሙበትም ዋንጫ በማርክ ቢንገም ስም ይጠራል። ቢንገም በመስከረም 11 ቀን 2001 በተጠለፈው በዩናይትድ 93 አውሮፕላን ውስጥ ከጠላፊዎቹ ጋር እንደተናነቁ ከሚታመንባቸው ተሳፋሪዎች አንዱ ሲሆን፥ የሳን ፍራንሲስኮ የራግቢ ተጫዋች ነበር። ዋንጫው በ2002 በዚያችው ከተማ ተጀምሮ በ2024 ሮማ ላይ ተደርጓል። ክለቦቹ ግን ለእነዚህ ሰዎች ብቻ የተከለሉ አይደሉም፤ እንደ እኔ ያለውን ጀማሪም ሳይጠይቁ ይቀበላሉ።

ይህን ሲያነብ ፊቱን የሚያዞር እንደሚኖር አውቃለሁ። ለዚህ አንባቢ የምመልሰው በታሪክ ነው። የራግቢ ታሪክ ከሜዳ ማን ይባረር በሚል ክርክር የተሞላ ነውና።

በአሥራ ዘጠነኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ በሰሜን እንግሊዝ የማዕድንና የፋብሪካ ሠራተኞች ራግቢን ይወዱ ነበር። ቅዳሜ ሲጫወቱ የሚቀርባቸው ደመወዝ እንዲካስላቸው ቢጠይቁ፥ የአማተርነት ክብር ይረክሳል ተብሎ ተከለከሉ። ከልካዮቹ ደመወዝ ቢቀርባቸው የማይርባቸው ጌቶች ነበሩ። በነሐሴ 1895 የሰሜን ክለቦች በሃደርስፊልድ ተሰብስበው ተገነጠሉ፤ ዛሬ ራግቢ ሊግ የሚባለው ጨዋታ የተወለደው ከዚያ ነው። እምቢ ያለው ወገን ለተጫዋች መክፈልን የፈቀደው ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ፥ በነሐሴ 1995 ነው። እንግዲህ «አማተር» የሚለው ቃል ለጨዋታ ፍቅር ሲባል መጫወት ማለት ሆኖ ሳለ፥ ለብዙ ዘመን ድኻውን ማስወጫ በር ሆኖ አገልግሏል።

የቆዳ ቀለምም እንዲሁ። «ራግቢ ከኢትዮጵያ ጋር ምን አገናኘው?» የሚለኝ ጓደኛ፥ ምሩፅ ይፍጠርን ያስታውስ። በ1976 የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን፥ የሶዌቶ ተማሪዎች ደም ገና ሳይደርቅ፥ የአፓርታይዷን ደቡብ አፍሪካ ሊጎበኝ ሄደ። የአፍሪካ አገሮች ኒውዚላንድ ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ እንድትወጣ ጠየቁ፤ ጥያቄያቸው ተቀባይነት ባለማግኘቱ ከሃያ የሚበልጡት፥ ኢትዮጵያም ጭምር፥ ከውድድሩ ቀሩ። በ1972 በአሥር ሺሕ ሜትር ነሐስ ያገኘው ምሩፅ በሞንትሪያል ሳይሮጥ ቀርቶ፥ ሁለቱን ወርቆቹን ያገኘው በ1980 በሞስኮ ነው። ሰው በመልኩ ከሜዳ አይከለከልም ለሚለው ሐሳብ አገራችን የከፈለችው ዋጋ ይህን ያህል ነው። ታዲያ ይህን ዋጋ የከፈልን ሰዎች፥ ሌላው በሌላ ምክንያት ሲባረር «ይበለው» ብንል ምን ያምርብናል?

አሁን ወደ ሜዳው ልመለስ። ለማያውቀው አንባቢ፥ ራግቢ ዩኒየንን አሥራ አምስት አሥራ አምስት ሰው ሆኖ ሰማንያ ደቂቃ ይጫወቱታል። ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው። በእጅ ማቀበል የሚቻለው ወደ ጎንና ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት አይደለም። ወደ ፊት የሚያስኬደው ይዞ መሮጥ ወይም በእግር መምታት ነው። ስለዚህ ኳስ የያዘ ሰው ጓደኞቹን የሚያገኘው ከኋላው ነው፤ ከኋላው ማንም ከሌለ ብቻውን ይወድቃል። ሌላው ደስ ያሰኘኝ ነገር ሥራው ለልዩ ልዩ ቁመና የተከፋፈለ መሆኑ ነው። ከባዱ ሰው በግፊያው ፊት ይቆማል፤ ረዥሙ ከመሥመር ውጭ የተወረወረውን ይቀልባል፤ ፈጣኑ ዳር ዳሩን ይሮጣል፤ አጭሩና ቀልጣፋው ኳሱን ከግፊያው ሥር አውጥቶ ያድላል።

በመጀመሪያው ማታ ኳስ ያስነኩኝ ጥቂት ጊዜ ነው። ያስተማሩኝ አወዳደቅ ነበር። ቀጥሎ በጉልበት ተንበርክከን፥ ከዚያ በእርምጃ፥ በመጨረሻም በሩጫ ሰው መጣልን ተማርን። ዓይን ተከፍቶ፥ ራስ ከሚወድቀው ሰው ሥር ሳይሆን ከጎኑ ሆኖ፥ በትከሻ ገጥሞ በሁለት እጅ ማቀፍ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ስገባ ያየ አንድ በዕድሜ የገፋ የግንብ ሠራተኛ ከመሬት አነሣኝና «የምትፈራውን ነገር እየው» አለኝ። ከፕሮፌሰሮቼ ከሰማሁት ምክር ብዙው ከዚህ አይበልጥም። በመጀመሪያው ግጥሚያዬ አሥራ አምስት ደቂቃ ተጫወትሁ፤ ኳሱን ሁለት ጊዜ ጣልሁት፤ አንድ ሰው ጣልሁ። ያ የጣልሁት ሰው ከጨዋታው በኋላ፥ ሁለቱ ቡድኖች አብረው ሲበሉ፥ ሳህኑን ይዞ ከአጠገቤ ተቀመጠ።

ሁለት ተቃውሞ ይቀርብልኛል። አንደኛው አደጋው ነው፤ እሱም እውነት ነው። በ2003 ከእንግሊዝ ጋር የዓለምን ዋንጫ ያነሣው ስቲቭ ቶምፕሰን፥ በ2020 ያንን ድል እንኳ እንደማያስታውስ ለዓለም ተናግሯል፤ ያለ ዕድሜው የመርሳት በሽታ ይዞታልና። ስለዚህ ጨዋታው አይጎዳም ብዬ አልዋሽም። በእንግሊዝ ከ2023 ጀምሮ በአማተር ጨዋታ ሰው የሚያዝበት ከፍታ ዝቅ ተደርጓል፤ ጭንቅላቱ ተጎድቷል ተብሎ የተጠረጠረም ወዲያው ወጥቶ በዚያ ቀን አይመለስም። አደጋውን ዐውቆ መምረጥ የእያንዳንዱ ፈንታ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ለሁሉ የተከፈተ ቡድን ደካማ ይሆናል» የሚል ነው። ስቲለርስ ከሌሎቹ የእንግሊዝ ክለቦች ጋር በዚያው ሊግ፥ በዚያው ደንብ ይጫወታል። በሩ ሰፋ እንጂ ጎሉ አልጠበበም። ጥሩ ተጫዋች ከሚበዛበት ሕዝብ መካከል እንጂ ከጥቂት ተመራጮች ብቻ አይወጣም።

ይህ ሐሳብ ለእኛም አዲስ ሊሆን አይገባውም። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ሲባል ሰምተን አድገናል። በዚያች ቀን ሎሌው የጌታውን እግር በገናው ዱላ ቢመታ አይከሰስም ነበር። የእኛ ጉድለት ያንን ነጻነት ለአንድ ቀን ብቻ መፍቀዳችን ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ አጭር ነው። የማኅበራችን የስፖርት ኮሚቴ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ለጀማሪ ብቻ ይክፈት። ጨዋታው ራግቢ ይሁን፥ መረብ ኳስ ይሁን፥ ሩጫ ይሁን ግድ የለም። በዚያ ሰዓት ምርጫ አይኑር፤ የመጣ ሁሉ ይጫወት። ሴቶች እኅቶቻችን፥ አካለ ስንኩላን ወንድሞቻችን፥ ስለራሳቸው መናገር የፈሩም ሁሉ ይምጡ። አስተማሪዎቻችንም ቢመጡ በሜዳ ላይ ማዕረጋቸውን አንጠይቅም። ልብስ የሚጠብቅ ከጠፋ ደግሞ አንድ ቁልፍ መግዛት ይበቃል።