ከቤተ ሰብ ጋራ በቢስክሌት ለመንሸራሸር የሚስማማውን መንገድ ስለ መምረጥ

የጅሩን ሜዳ ያየ ሰው ሁሉ ይህ አገር ለቢስክሌት የተበጀ ነው ማለቱ አይቀርም። በእውነትም ከእነዋሪ ከተማ ወጥቶ ወደ ደነባ በኩል የተመለከተ እንደ ሆነ፥ ስንዴውና ጤፉ ምስሩም ዓይን እስኪደክም ተዘርግቶ ይታየዋል እንጂ አቀበት እምብዛም አያገኝም። ነገር ግን የመንገድ ጉዳይ እንደ ሙግት ነው፤ ምስክር ሳይሰሙ መፍረድ አይገባም።

ምስክሮቹም በዚያ መንገድ አህያ የሚነዳው ነጋዴና በዳሩ የሚያርሰው ገበሬ ናቸው። ጠጠሩ የት እንደሚያልቅ፥ ውሻ የበዛበት ደጃፍ የትኛው እንደ ሆነ፥ መንገዱም በዚያ ሰሞን ጸጥታ ያለው መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። የገበያ ቀን ግን ጥያቄም የለው፤ ከብቱና እህል የጫነው መኪና መንገዱን ይዞታልና ይቅር።

የአገሩ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ገበሬው መደብና ቦይ እያበጀ የሚዘራውም ውሃው እንዲንጣፈፍለት ነው። ይህ ጭቃ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል የገባ እንደ ሆነ ቢስክሌቱ አልሄድ ይላል፤ አባትየውም የልጆቹን ሁሉ ተሸክሞ ይመለሳል። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ከጠጠሩ መንገድ አለመውጣት ነው። በበጋ ደግሞ ዋልካው ይሰነጠቃልና የልጆች ቀጭን ጎማ በስንጥቁ እንዳይያዝ መጠንቀቅ ያሻል።

የከተማው ከፍታ ከ2,600 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩም ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ለበዓል ከቆላ የመጣ ዘመድ ቶሎ ቢያለከልክ ሰነፍ ነው ተብሎ አይሳቅበት። በበጋ ነፋሱ ከረፋድ በኋላ ስለሚበረታ በማለዳ መውጣት ይሻላል፤ ሲሄዱ ነፋሱን በፊት፥ ደክመው ሲመለሱ በጀርባ ማድረግ ይገባል። ብዙ ሰው ግን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው የሜዳው ዳርቻ ነው። ሜዳው ሳያስጠነቅቅ ያልቅና የጀማ ገደል ይጀምራል፤ ከሜዳው እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት 1,000 ሜትር ያህል ነው። ጭላዳ ዝንጀሮዎች በአፋፉ ሣር ሲግጡ ማየት ልጆችን እጅግ ደስ ያሰኛቸዋልና አትውሰዷቸው አልልም። ነገር ግን ገደሉ ሳይደረስ 200 እርምጃ ሲቀር ሁሉም ይውረድ፤ ቢስክሌቶቹም በዚያው ይቁሙ፤ ታናናሾቹ በእጅ ተይዘው በእግር ይሂዱ። ይህም ውል ከቤት ሳይወጡ ይነገር፤ በገደል አፋፍ የሚነገር ትእዛዝ በልጅ ጆሮ ዘግይቶ ይደርሳልና። ቁልቁለቱን በቢስክሌት እንውረድ የሚል ጎልማሳ ቢገኝ፥ ፍሬኑ ቢያስተማምነው እንኳ አቀበቱን ማን እንደሚገፋለት ይጠየቅ።

ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ለኢትዮጵያ በቢስክሌት የተወዳደረበት ሙያ የተከበረ ነው፤ የቤተ ሰብ ሽርሽር ግን ውድድር አይደለም። ከፊት ታናሹ ይሂድ፤ የሁሉም ፍጥነት የእርሱ ፍጥነት ይሁን፤ አባት ከኋላ ይከተል። እናትና ሴቶች ልጆችም ስንቅ አዘጋጅተው የሚቀሩበት ምክንያት አይታየኝም። መዞሪያውም የሚወሰነው በሰዓት ነው፤ ግማሽ ሰዓት የሄደ ያማረው ዛፍ ገና ሩቅ ቢሆንም እንኳ ይመለስ፤ ዛፉ ለሚመጣው እሑድ ይቆያል።