ስሙን ወይስ ፍሬውን?
በአነስተኛ ገንዘብ ጥሩ የጨዋታ ኮምፒዩተር ስለ መገጣጠም የቀረበ አስተያየት

በሚዛንም ሆነ በቴፒ ግቢያችን ከምሳ በኋላ በጥላ ሥር ከሚነሡት ክርክሮች መካከል፣ ከእግር ኳስ ቀጥሎ ብዙ ጉልበት የሚፈጀው የኮምፒዩተር ጉዳይ ሆኗል። አንዱ «የእኔ ኮር አይ 7 ነው» ብሎ ደረቱን ሲነፋ፣ ሌላው «የእኔ ግራፊክስ ካርድ 8 ጊጋ ነው» ብሎ ይመልስለታል። ነገር ግን ክርክሩ ሁሉ በስም ላይ እንጂ በፍሬው ላይ ሲሆን አይሰማም። የቡና አገር ተማሪዎች ሆነን እንዲህ መሆናችን በጣም የሚያስገርም ነው። ቡና ደረጃ የሚሰጠው በጆንያው ላይ ስለ ተጻፈው ስም አይደለም፤ ጥሬው በዓይን ተመርምሮ፣ ጥቁሩና የነቀዘው ተለይቶ፣ ከዚያም ተቆልቶና ተፈልቶ በምላስ ተቀምሶ ነው። ከበበቃ እስከ ቴፒ ያለ ማንኛውም ገበሬ የሚያውቀውን ይህን ሥርዓት እኛ ወደ ኮምፒዩተር ሱቅ ስንገባ ለምን እንረሳዋለን?

ጉዳዩ ተራ የወሬ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ እናውቃለን። ለብዙዎቻችን ቤተ ሰቦቻችን በመኸር ቀዩን እሸት ለቅመው፣ በአልጋ ላይ አስጥተው፣ ዝናብ እንዳይመታው ሲያለብሱና ሲገልጡ ሰንብተው ያገኙት ነው። የኮምፒዩተር ዕቃ ደግሞ ሁሉም ከውጭ አገር በዶላር ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ከመለወጡ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ ዛሬ በአንድ ዕቃ ምርጫ መሳሳት ማለት የአንድ መኸር ድካም በከንቱ ማፍሰስ ማለት ነው።

«እንዲህ ከሆነማ ጨዋታው ለምን አይቀርም?» የሚሉ አሉ። ለእነዚህ ወንድሞችና እህቶች ያለኝ መልስ አጭር ነው። ጨዋታ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ገበጣን ያህል አሳብን የሚያሰላ ጨዋታ ያወረሱን አባቶቻችን ሥራ ፈቶች አልነበሩም። ከዚህም በላይ፣ ጨዋታን በሚገባ የሚያጫውት ኮምፒዩተር ፊልም ለማቀናበር፣ ሥዕል ለመሥራት፣ ድምፅ ለመቅረጽ፣ የምህንድስና ንድፍ ለመንደፍ የሚያገለግል ያው አንድ መሣሪያ ነው። «ኩኩሉ» የተባለውን የስልክ ጨዋታ የሠሩት ኢትዮጵያውያን ናቸው። ጨዋታን ከመጫወት ወደ መሥራት ለመሻገር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ መሣሪያው ሊኖረው ይገባል።

እንግዲህ ወደ ነገሩ እንግባ። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ከሁሉ የበለጠው ዕቃ የትኛው ነው?» የሚለው ሳይሆን «ለምን ያህል ሥራ ነው የምፈልገው?» የሚለው ነው። አበው መጥኖ መደቆስ ያሉት ይህንኑ ነው። አብዛኞቻችን ያለን መስኮት 1920 በ1080 ነጥብ የሆነና በሰከንድ 60 ምስል ብቻ የሚያሳይ ነው። እንዲህ ባለ መስኮት ላይ በሰከንድ 200 ምስል የሚያወጣ ካርድ መግጠም፣ በአንዲት ሲኒ ላይ አንድ ጀበና ሙሉ ቡና እንደ መገልበጥ ነው፤ የተረፈው ይፈስሳል።

ሁለተኛው የስም ወጥመድ ነው። ኮር አይ 7-2600 የተባለው ፕሮሰሰር የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ነው። ኮር አይ 3-12100 የተባለው ደግሞ በ2022 ወጣ። ሁለቱም 4 ኮርና 8 ክር አላቸው፤ ነገር ግን «ታናሹ» አይ 3 «ታላቁን» አይ 7 በብዙ ይበልጠዋል። ምክንያቱም 7 ወይም 3 የሚለው ቍጥር በአንድ ትውልድ ውስጥ ያለውን ማዕረግ ብቻ ሲነግረን፣ ትውልዱን የሚነግረን ከሰረዙ በኋላ ያለው ቍጥር ነው። በዚያ ላይ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ያ አሮጌ አይ 7 ደግሞ ዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው ዝርዝር ውስጥ የለም። ማዕረጉን ይዞ ጡረታ የወጣ ሹም ማለት ነው።

በግራፊክስ ካርድ በኩል ያለው ወጥመድ ከዚህ የባሰ ነው። አርኤክስ 580 ተብሎ ከሚሸጠው መካከል «2048ኤስፒ» የሚል ቅጥያ ያለው፣ ስሙ 580 ቢሆንም የውስጡ አቅም የ570 ነው። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የሚል ምልክት ተለጥፎባቸው፣ የውስጥ ጽሑፋቸውም ተለውጦ የሚሸጡ ያረጁ ካርዶችም በዓለም ገበያ ታይተዋል። እንደዚሁም ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. አሠራሩን ስለ ለወጠ፣ ቀንና ሌሊት ገንዘብ ሲቈፍሩ የኖሩ ካርዶች በገፍ ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ፈስሰዋል። እንዲህ ያለ ካርድ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ ነገር ግን ሳይቀመስ አይገዛም። ጂፒዩ-ዚ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፍቶ የውስጡን ማንነት ማየት፣ ከዚያም ከባድ ጨዋታ ለግማሽ ሰዓት አስነሥቶ ሙቀቱንና የመስኮቱን ጥራት መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመ ሰላምታ ሰጥቶ መውጣት ነው።

ሦስተኛው፣ በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠውና ከሁሉ የተናቀው፣ ፓወር ሰፕላዩ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ከ220 ቮልት በላይ ዘልሎ እንደሚመጣ የተቃጠሉት አምፖሎቻችን ይመስክሩ። ክረምትና በጋ በማይለይ ዝናባችን መብረቁም አለ፤ እርጥበቱም አለ። ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ሲሞት ብቻውን አይሞትም፤ ማዘርቦርዱንና ካርዱን ይዞ ይሞታል። ስለዚህ ከካርዱ ዋጋ ጥቂት ቀንሶ የታወቀ ፓወር ሰፕላይና ስታብላይዘር መግዛት ስስት ሳይሆን ጥበብ ነው። ዩፒኤስ የሚገዛም ሰው 650 ቪኤ ማለት 650 ዋት ማለት እንዳልሆነ ይወቅ፤ ብዙውን ጊዜ 360 ወይም 390 ዋት ብቻ ነው፤ የሚያቆየውም ሥራን አስቀምጦ ለማጥፋት ያህል ነው። መብረቅ ሲጀምር ግን ከሁሉ የሚሻለው መከላከያ ሶኬቱን መንቀል ነው፤ ይህም በነጻ ነው።

ታዲያ ምን እንግዛ? እኔ ሁለት መንገድ ይታየኛል። ገንዘቡ በጣም ያነሰበት ሰው፣ ከመሥሪያ ቤት የወጣ ዴል ወይም ኤችፒ ባለ ትልቅ ኬዝ ኮምፒዩተር፣ ፕሮሰሰሩ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ የሆነውን ይግዛ። የእነዚህ ፓወር ሰፕላይ ትንሽና የራሳቸው ዓይነት ስለሆነ፣ ተጨማሪ የመብራት ገመድ የማይጠይቀውን ጂቲኤክስ 1650 ይጨምርበት። ቀጭኑን ኬዝ ግን ይተው፤ ተራው ካርድ አይገባበትም። ጥቂት የተሻለ አቅም ያለው ደግሞ ራይዘን 5 5600 እና አርኤክስ 6600 ያጣምር። የመጀመሪያው 65 ዋት፣ ሁለተኛው 132 ዋት ተብለው የተመደቡ ስለሆኑ መብራቱንም አይበሉም፣ ሙቀትም አያበዙም፤ ለቴፒ ሙቀት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ይህ 5600 የራሱ የምስል ክፍል የለውም፤ ካርዱን «ወደ ፊት እገዛለሁ» ያለ ሰው ጥቁር መስኮት ሲያይ ይከርማል። በሁለቱም መንገድ ቢሆን 16 ጊጋ ራም በአንድ ከሚገዛ ባለ 8ቱን ሁለት መግዛት ይሻላል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ይፈጥናሉ።

የመንገዱም ነገር አይዘንጋ። ከአዲስ አበባ ሚዛን 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዕቃው በአውቶቡስ ሲመጣ ከባዱን ካርድ ከማዘርቦርዱ ላይ ነቅሎ ለብቻው በጨርቅ ጠቅልሎ ማምጣት ያስፈልጋል፤ አለዚያ በመንቀጥቀጡ መግቢያውን ይሰብረዋል። ሳይሞከር የመጣ ዕቃ ተበላሽቶ ቢገኝ ደግሞ የመመለሻው ቲኬት፣ የማደሪያውና የቀረው ትምህርት ተደምሮ ከዕቃው ጥቅም ሊበልጥ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የማቀርበው አሳብ አንድ ነው። ለብቻ ከመግዛት በፊት በጋራ እንግዛ። በግቢያችን ያለው የተማሪ ቍጥር ቀላል አይደለም፤ ከመቶ ተማሪ ጥቂት ጥቂት ብር ቢዋጣ አንድ ደኅና ኮምፒዩተር ከነስታብላይዘሩ ይወጣዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባል የለምን? የተማሪዎች ማኅበራችን አንድ ክፍል ቢያሰናዳ፣ የቴፒ ግቢ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች መምረጡንና መገጣጠሙን ቢመሩ፣ እኛም የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች የምንጽፈውን ታሪክ ይዘን ብንቀርብ፣ ቅዳሜ የምንጫወትበት ሰኞ የምንሠራበት ይሆናል። አንድ ጊዜ አብረን የገጣጠምን እንደሆነ ደግሞ፣ ነገ ለብቻው የሚገዛ ሁሉ ዓይኑ ተከፍቶ ይገዛል።

«የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ፓወር ሰፕላይ ምን አገባው?» የሚል ቢኖር፣ ስሕተቴን በሚቀጥለው እትም በጽሑፍ ያርም፤ ደስ ይለኛል። ማኅበሩ ግን ይህን አሳብ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንሥቶ፣ አዎን ወይም አይሆንም የሚል ቍርጥ መልስ ይስጠን።